የእኩለ ሌሊቱ ማኅበር

እህቴ አሜሪካ ከገባች ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗታል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ መኝታ ቤቷ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ የጨርቅ ቦርሳ አወጣችና አልጋው ላይ ዘረገፈችው። አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዳቦ፣ የልጆች መጫወቻ የውሃ ሽጉጥ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ አንድ ጥቅል የመጸዳጃ ቤት ወረቀት።

"ምንድነው ይሄ?" አልኳት።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? የልጅህ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሌሊት ይህን ተሸክማ ትወጣለች። ስትመለስ ፀጉሯ ውስጥ ሩዝ አለ። አንተዬ፣ መተት አድርገውባት ይሆን እንዴ?"

ሳቄን ዋጥኩት። መቼም እህል እየበተነ በሌሊት የሚዞር ሰው እኛ አገር በጤናው አይደለም ነው የሚባለው። ልጅቷን ለብቻዋ አግኝቼ ስጠይቃት ግን ከት ብላ ሳቀች። "ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው! ቅዳሜ አብረን እንሂድና ራስህ እየው። ለእማዬ ግን አሁን ምንም እንዳትላት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።" እንግዲህ የእህቴ ሰላይ ሆኜ ገብቼ የልጅቷ ሚስጥረኛ ሆንኩ ማለት ነው።

ፊልሙ "ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው" ይባላል። በ1975 የወጣ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሳይዘጋጁ መሄድ አይገባም ብዬ ሐሙስ ማታ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ከፈትኩት። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ብራድና ጃኔት የሚባሉ አዲስ የተጫጩ ጨዋ ወጣቶች በዝናብ ሌሊት ሲጓዙ የመኪናቸው ጎማ ይፈነዳል። ስልክ ፍለጋ ወደ አንድ ያረጀ ግንብ ይሄዳሉ። የግንቡ ጌታ ዶክተር ፍራንክ ኤን ፈርተር የሴት የውስጥ ልብስና ረጅም ስቶኪንግ ያደረገ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የተጫማ ወንድ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ሮኪ የሚባል ጡንቸኛ ጎልማሳ ፈጥሮ ነፍስ ይዘራበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉድ ነው። አንድ ሰው በበረዶ መቆፈሪያ ይገደላል፤ የሟቹ ሥጋ ለእራት ይቀርባል፤ እጮኛሞቹ ተራ በተራ ይሳሳታሉ። በመጨረሻ ጌታውም አሽከሮቹም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መሆናቸው ይገለጣል። አሽከሮቹም ጌታቸውን ገድለው ግንቡን እንዳለ ይዘው ወደ ሰማይ ይበራሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ይዘፈናል፣ ይጨፈራል።

እውነቱን ልናገር? ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዘፈኖቹ ደስ ይላሉ፤ ጌታውን ሆኖ የሚጫወተው ቲም ከሪ ሲገባ ዓይን ይይዛል። ታሪኩ ግን ከአጋማሹ በኋላ ይላላል፤ ተዋንያኑ ተናግረው ዝም ይላሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ይቆያል። "ይህን ነው ሰው 50 ዓመት ሙሉ የሚያየው?" አልኩ። ይህ ጥያቄ ነው እንግዲህ ታሪኩን እንዳገላብጥ ያደረገኝ።

የዚህ ሁሉ አባት ሪቻርድ ኦብራየን ይባላል። በ1942 እንግሊዝ ተወልዶ ኒው ዚላንድ ነው ያደገው። ሃሚልተን በምትባል ከተማ ፀጉር ያስተካክል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ሲኒማ ቤት እየገባ ርካሽ የሚባሉትን የጭራቅና የሕዋ ፊልሞች ያይ ነበር፤ ካርቶን የሚመስል መንኮራኩር፣ ላስቲክ መሆኑ የሚያስታውቅ አውሬ ያለባቸውን። በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ተዋናይ ሆነ። ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው እነዚያን የልጅነት ፊልሞቹን ከሮክ ሙዚቃ ጋር አዳቅሎ አንድ ቴአትር የጻፈው። ሰኔ 1973 ለንደን ውስጥ ከሮያል ኮርት ቴአትር ፎቅ ላይ ባለች፣ ስልሳ ምናምን ሰው ብቻ በምትይዝ ክፍል ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ጂም ሻርማን ነበር። ኦብራየን ራሱ የጎባጣውን አሽከር የሪፍ ራፍን ቦታ ያዘ።

ቴአትሩ ተወደደ። ከጠባቧ ክፍል ወደ ሰፊ፣ ከሰፊው ወደ ሌላ ሰፊ እየተዛወረ ለንደን ውስጥ እስከ 1980 ድረስ ሦስት ሺህ ጊዜ ለሚጠጋ ታየ። ሉ አድለር የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው አየውና በ1974 ሎስ አንጀለስ ወሰደው፤ እዚያም ሰመረ። ወዲያው ፊልም ይሁን ተባለ። የተቀረጸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እንግሊዝ ውስጥ፣ ኦክሌይ ኮርት በሚባል ያረጀ የባላባት ቤት ነው፤ ሃመር የሚባለው ኩባንያ የድራኩላ ዓይነት ፊልሞቹን ይሠራበት የነበረ ቤት። ማሞቂያ የለ፣ ጣሪያው ያፈስሳል። ጃኔትን የተጫወተችው ሱዛን ሳራንደን በውስጥ ልብስ እርጥብ እየሆነች የሳንባ ምች ያዛት። ፊልሙ ላይ ስትንቀጠቀጥ የምናያት ከትወና ብቻ አይደለም።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። መጋቢት 1975 ቴአትሩ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ወጣና 45 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። መስከረም ላይ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሲለቀቅ ደግሞ ከሎስ አንጀለሱ ዌስትውድ በስተቀር ወንበሩ ባዶ ሆነ። ብዙዎቹ ሐያሲያን አጣጣሉት፤ የፊልሙ ባለቤት ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስም መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ተቃረበ። አንድ ነገር ግን ታየ፤ ዌስትውድ የሚመጡት ተመልካቾች ብዙዎቹ ያው ሰዎች ናቸው! ትናንት ያየው ዛሬም ወረፋ ይይዛል። ነገሩ ገበያ ላይ ሳይሆን ዝምድና ላይ የቆመ ይመስል ነበር።

በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ የእኩለ ሌሊት ፊልም የሚባል ልማድ ነበር። ከ1970 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ኤልጂን የሚባል ሲኒማ ቤት "ኤል ቶፖ" የሚል እንግዳ የሆነ ፊልም እኩለ ሌሊት ላይ እያሳየ ወረፋ አሰልፎ ነበር። ቲም ዲገን የተባለ የፎክስ ሠራተኛ ይህን አይቶ "ለምን እኛስ አንሞክርም?" አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 1976፣ ፈረንጆቹ እርስ በርስ በሚሞኛኙበት ዕለት፣ ፊልሙ ግሪኒች ቪሌጅ በሚገኘው ዌቨርሊ ሲኒማ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ።

ግሪኒች ቪሌጅን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። በ1969 ፖሊስ ስቶንዎል የሚባለውን የግብረ ሰዶማውያን መጠጥ ቤት ሲወር ሰዎቹ "በቃን" ብለው የተነሡት እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ዌቨርሊ ከመጡት የመጀመሪያ ተመልካቾች ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ ለቤተሰባቸው መናገር የማይችሉ ወጣቶች ነበሩ። ሌሎቹም ትምህርት ቤት የሚሾፍባቸው፣ ከማንም ጋር የማይገጥሙ ልጆች። አንባቢዬ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ አቋም ይኖረዋል፤ እህቴም አላት። ታሪኩን የሚነግር ሰው ግን ይህን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ሌላው ዓለም ቀን ቀን "ምንድነህ አንተ?" ሲላቸው የሚውል ሰዎች፣ ምንም ብትሆን የማይጠየቅበት አንድ ጨለማ ክፍል አገኙ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጃኔት በዝናቡ ውስጥ ጋዜጣ ራሷ ላይ አድርጋ ስትሮጥ፣ ከተመልካቹ መሐል የተቀመጠ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ጮክ ብሎ "ምን አለ ጃንጥላ ብትገዢ!" የሚል ስድብ ቀረሽ ምክር ወረወረላት ይባላል። ሰው ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው የራሱን ወረወረ። የሚያስቀው ተያዘ፤ የማያስቀው ተረሳ። ከዚያ አንዱ ጋዜጣ ይዞ መጣ፤ ሌላው ዝናቡን በውሃ ሽጉጥ አዘነበ። መክፈቻው ላይ ሠርግ አለ፤ ሩዝ ይበተን ተባለ። ጌታው ጽዋ አንሥቶ "ቶስት" ሲል ፈረንጆቹ መልካም ምኞቱንም የተጠበሰውን ዳቦም በአንድ ቃል ስለሚጠሩት፣ ዳቦ ይወረወር ጀመር። ስኮት የሚባል ዶክተር ሲመጣ ደግሞ በዚያ ስም የሚሸጥ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት አለና ጥቅሉ በአዳራሹ ላይ ይበራል። የእህቴ መተት ይኸው ነው እንግዲህ!

በኋላ እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሰው የሚመጡት ከስክሪኑ ፊት ቆመው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከፊልሙ እኩል መጫወት ጀመሩ። በ1977 የአድናቂዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2023 እስኪሞት ድረስ የመራው ሳል ፒሮ ነበር። በ1980 "ፌም" የተባለው ፊልም ይህን የእኩለ ሌሊት ግርግር አንድ ትዕይንት ውስጥ አስገባውና ወሬው ትናንሽ ከተሞች ድረስ ደረሰ። ጀርመን አገር ሙኒክ ውስጥ ሙዚየም ሊሽትሽፒለ በሚባል ሲኒማ ቤት ከ1977 ጀምሮ ሲታይ ኖሯል። በ2005 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የኦብራየን ከተማ ሃሚልተንም በ2004 የጎባጣውን አሽከር ሐውልት አቁማለታለች፤ ፀጉር አስተካካዩ በሠራበት ቦታ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሲኒማ ቤቱ ከእህቴ ቤት ብዙ አይርቅም፤ ያረጀ፣ ምንጣፉ የተበላ ቤት ነው። አንዳንድ ቤቶች አይጥ ይስባል ብለው ሩዝ ከልክለዋል፤ ይህኛው ገና አልከለከለም። ከመጀመሩ በፊት አንዲት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ "ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ማነው?" ብላ ጠየቀች። ዝም ልል ስል የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። አዲስ መጪውን "ድንግል" ነው አሉ የሚሉት። በዚህ ሽበቴ፣ ሦስት ልጅ ድሬ፣ ድንግል ተብዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። ግንባሬ ላይ በቀይ ከንፈር ቀለም የእንግሊዝኛዋን "ቪ" ጻፉብኝ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ብታምኑም ባታምኑም ደስ አለኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ጨለማው ላይ ሁለት ቀይ ከንፈሮች ብቻ ታዩ። (ከንፈሯ የፓትሪሺያ ክዊን ነው፤ ድምፁ ግን የኦብራየን። ፊልሙ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሴት ነው ወንድ ነው የሚለውን እያደናገረ ነው የሚገባው።) ያን ጊዜ ሳሎን ውስጥ ያንቀላፋሁበት ፊልም የት እንደገባ ጠፋኝ። ተዋናዩ ተናግሮ ዝም ሲል፣ ያ ያሰለቸኝ ዝምታ ከአዳራሹ በሚመጣ ቃል ይሞላል። ተመልካቹ ይጠይቃል፣ ተዋናዩ የሚመልስለት ይመስላል። ተመልካቹ ይሰድባል፣ ተዋናዩ የተናደደ ይመስላል። "ታይም ዋርፕ" የሚባለው ጭፈራ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ። ወገቤን ያመመኝ በማግሥቱ ነው።

እዚያ ቁጭ ብዬ አዝማሪ ቤት ትዝ አለኝ። "ተቀበል" ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ለአዝማሪው ሥራ የሚቀርበት እንግዳ አይደለም፤ ያለ እሱ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ልጅ ሆነን ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም ስናይም አክተሩን "ከኋላህ! ከኋላህ!" እያልን ስንጮህለት አልነበር? አስተናባሪው በባትሪ እያበራ ዝም ያሰኘን ነበር። እነዚህን ሰዎች ግን ዝም ያሰኛቸው የለም፤ ጩኸታቸውም ሃምሳ ዓመት ተጠራቅሞ ራሱን የቻለ ድርሰት ሆነ።

የጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ይህ ፊልም የኖረው ጉድለት ስላለበት ነው። እንከን የለሽ የሆነ ፊልም ላንተ ቦታ አይተውልህም፤ ገብተህ አድንቀህ ትወጣለህ። ይህኛው ቀዳዳው ብዙ ነው። የላላው፣ ዝም ያለው፣ ያልተሟላው ቦታ ሁሉ በር ሆነ፤ ሰዎቹም በዚያ በር ገብተው ቤቱን የራሳቸው አደረጉት። በእንግድነት የሄደ ሰው አንድ ቀን ጠግቦ ይቀራል። የቤቱ ባለቤት የሆነ ግን ዘወትር ይመለሳል፤ መቼም ከቤቱ የት ይሄዳል?

ባለቤት መሆናቸውን የሚያሳየው ፊልሙን አለማምለካቸው ነው። ጌታው በጨለማ እጮኛዋን መስሎ ወደ ጃኔት አልጋ፣ እጮኛውን መስሎ ወደ ብራድ አልጋ የሚገባበት ትዕይንት አለ። በእኛ ዘመን ዓይን ሲታይ ማታለል ነው፤ ማታለል ብቻም አይደለም። የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ይህን አይደብቁትም፤ ሲወጡም ይከራከሩበታል። ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ግድግዳው የት ጋ እንደተሰነጠቀ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ኩባንያው የዚህን ምስጢር ያወቀ መስሎት ነበር። በ1981 እነዚያኑ ደራሲና ዳይሬክተር ይዞ "ሾክ ትሪትመንት" የሚል ተከታይ ሠራ፤ ለእኩለ ሌሊት ተመልካች ተብሎ። ወደቀ። በ2016 ቴሌቪዥን እንደገና ሠራው፤ ትልቅ ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩበት፤ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ማኅበር በትዕዛዝ አይቋቋምም። በ1990 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ ሲወጣ ደግሞ ሲኒማ ቤት የሚሄድ ይጠፋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ሰው ቪዲዮውን ገዝቶ፣ ቃሉን እቤቱ አጥንቶ፣ ቅዳሜ ሲኒማ ቤት መጣ። በ2019 ዲዝኒ ፎክስን ሲገዛ ብዙዎቹን የድሮ ፊልሞች ከትናንሽ ሲኒማ ቤቶች አስቀርቷል፤ ይህን ግን አልነካም።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ አንድ ታሪክ አለ። ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ክሊንተን ስትሪት የሚባል ትንሽ ሲኒማ ቤት ከ1978 ጀምሮ ፊልሙን በየሳምንቱ ያሳያል። በ2020 ኮሮና መጥቶ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ፣ አንድ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ፊልሙን ለባዶ ወንበር ያሳይ ነበር። ማንም የለም። ሩዝ የሚበትን የለም። ሳምንቱ እንዳይቋረጥ ብቻ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነው የሚያድሩት ጠዋት እሳት እንዳይቸግር ነው። ያ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። በየቤታችን፣ በየስልካችን ብቻ ለብቻ ፊልም ማየት በለመድንበት በዚህ ጊዜ፣ ሰው ለመሰብሰቢያው ይህን ያህል ሲሳሳ ማየት ያስቀናል።

ሌሊቱን ስንመለስ ልጅቷን "ለምንድነው የምትመጪው?" አልኳት። መሪውን እንደያዘች ትንሽ አሰበች።

"ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ 'ኢትዮጵያዊት ናት' ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ከእማዬ ጋር ስሄድ 'አሜሪካዊት ናት' ይሉኛል። እዚህ የሚጠይቁኝ ሩዝ ይዤ እንደሆነ ብቻ ነው።"

የምለው አጣሁ። ግንባሬ ላይ ያለውን ቀለም በመሐረብ እየጠረግሁ ዝም አልኩ።

ቃሏን ጠብቃ፣ እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ራሷ ለእናቷ ነገረቻት። እህቴ በማግሥቱ ደወለችልኝ። "አንተም ሄደህ ነበር አሉ! ፊልም ነው ትለኛለች። በየሳምንቱ አንድ ፊልም? እዚያ ምን አላት?"

በስልክ ይህን ሁሉ ታሪክ ከየት እጀምረዋለሁ? "ማኅበር አላት" አልኳት።

"የማን?" አለችኝ ቶሎ ብላ።

እንደ ጽዋ ማኅበር ጻድቅ ጠርቼ አልመልስላት ነገር ቸገረኝ። "ቦታ ያጡ ልጆች ማኅበር ነው" አልኳት። ዝም አለች። ልጇ ቦታ አጥታ እንደነበር የሰማችው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፤ ስልኩን ሳትሰናበተኝ ዘጋችው። አጠፋሁ እንዴ እያልኩ ከረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ዘመድ አወራንና ልንሰነባበት ስንል፣ እንዳልረባ ነገር አድርጋ ጣል አደረገችው።

"እና ደግሞ ለዚያች ልጅህ ርካሹን ሩዝ ለብቻ ገዛሁላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ነኝ የምቋጥርላት። ባስማቲዬን ፈጀችብኝ እኮ!"